በነጠላዬ የወተፍኩት ቀዳዳ

ልጄ አንጓች፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። መጻፍ እንደማይቀናኝ ታውቂያለሽ፤ ይህችን ለመጀመርም ቀናት ፈጀብኝ። አልጋሽ ላይ አሁን እህትሽ ትተኛለች። ቤቱ ያው ነው፤ ከኪራይ አልወጣንም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ወይንሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።

የወይኑን ቁራጭ ቡሬ ከአክስትሽ ቤት ይዘሽ ስትመጪ፣ በሰው ግቢ ወይን ማን ይተክላል ብዬ ስቄብሽ ነበር። አንቺ ግን የፕላስቲኩን የውኃ በርሜል ለሁለት አስቆርጠሽ፣ የግማሹን ታች በጋለ ሚስማር በስተሽ፣ አፈርና ፍግ ሞልተሽ ተከልሽው። ቤት ስንለቅ ተሸክመነው እንሄዳለን አልሽኝ። ሲያፈራም ዘቢብ ይሆናል፣ ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ከሱቅ አንገዛም አልሽ።

ባጠጣሽው ቁጥር ጭቃው በታች እየወረደ በእበት የለቀለቅሁትን ደጃፍ ያበላሽብኝ ነበር። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሄደሽ ሳለ ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ ቀዳዳዎቹን ወተፍኳቸው። ውኃ ተክል ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ደጃፌ ደረቀ፤ ደስ አለኝ።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውኃ ጠምቶት ነው ብለሽ ጨመርሽለት። በሽታው ከጠናብሽ በኋላ እንኳ ግድግዳ ይዘሽ እየወጣሽ ታጠጪው ነበር። ሲደርቅ፣ የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም፣ የነካሁት ሁሉ እንዲህ ነው አልሽ። ያን ጊዜ ጨርቁ ትዝ ብሎኛል። ስትድኚ ልነግርሽ ብዬ ዝም አልኩ።

ለለቅሶሽ ድንኳን ሲተከል ጎረቤቶች በርሜሉን ገለበጡት። የሸተተ ጥቁር ውኃ ከነጨርቄ ወጣ። ሰው ሳያይ አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ወይኑ ሳይደርቅ ከርክመሽ ከጣልሽው ቅርንጫፍ አንዱን በቀለም ቆርቆሮ ተክለሽ ኖሯል። ከኩሽናው ጀርባ አቆጥቁጦ አገኘሁት። ቆርቆሮውንም ታቹን በስተሽዋል። ወደ ቀረው ግማሽ በርሜል አዛወርኩት፤ ሚስማሩን ራሴ አግዬ በሳሁ። ዘንድሮ አንድ ዘለላ ያዘ። ወፍ እንዳይለቅመው በዚያው ነጠላ ቅሪት ሸፍኜዋለሁ። ዘቢቡ እፍኝ ላይሞላ ይችላል፤ ቢሆንም በስምሽ ለመገበሪያ ይገባል።

እጅሽ ለተክል ይሆን ነበር ልጄ። በቁምሽ ልነግርሽ ሲገባኝ ዛሬ ጻፍኩልሽ።

ባጠጣሁ ቁጥር ውኃው በታች እስኪወጣ ድረስ ቆሜ አስብሻለሁ። ደጃፌ ይጨቀያል። እንደ ድሮው አልቆጣም።

እናትሽ