የበረዶ መሪው ሒሳብ

ሂልቶፕ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ነሐሴ 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ነሐሴ ሲመጣ የሚነሳብህ አለርጂ ዘንድሮስ ተወህ? መስኮት ከፍተህ እንዳትተኛ። እጮኛህስ፣ አባቷና እናቷስ ደህና ናቸው? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው፣ መኪናዋም ትነሳለች፣ ጉልበቴም ደህና ነው። ጉልበቴ ድሮም ደህና ነበር፤ እሱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። ካንተ ድምፅ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ከሂልቶፕ አንተ ያለህበት ደብሊን በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚህ ቅርብ ላለ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ እብድ በዚህ ከተማ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ምን ላድርግ? ኮል ሳደርግ አታነሳም። ቴክስት እንዳላደርግ፣ ይሄ ነገር በቴክስት የሚያልቅ አይደለም። በእንግሊዝኛ እንዳልጽፍ ደግሞ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስል እንደ ካስተመር ሰርቪስ ነው የምሆነው። ፊደሉን ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና ቀስ እያልክ አንብበው። የከበደህን ቃል ዝለለው። ስድብ የመሰለህን ግን ሁለቴ አንብበው፣ ስድብ አይደለም።

ጉዳዬን አላድበሰብስም። ሰርግህ ደርሷል። እማዬ የለችም፣ አባታችንን አንተ አታውቀውም። በዚያ ቀን ካንተ ወገን ማን እንደሚቆምልህ አላውቅም። እኔ መቆም እፈልጋለሁ። ከጥር ወዲህ አንድ ቃል ሳንነጋገር ይሄን ማለት ድፍረት ነው፤ ይሁን፣ ደፍሬአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ታንክስጊቪንግ እነ እጮኛህ ቤት ነው። ሸሚዝ ደጋግመህ አስቀይረኸኝ ሄድን። ቱርኪው ተበላ፣ ፓዩ መጣ፣ አባቷም የስኪውን፣ የበረዶ መንሸራተቱን፣ ወሬ አነሳ። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ኮሎራዶ እንደሚሄዱ፣ ዘንድሮ አንተም እኔም አብረን እንድንሄድ፣ ቤቱንም እነሱ እንደያዙት ነገረን። እናቷ ደግሞ፣ ተራራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የግል መሪ እንቅጠር፣ ወጪውን ተካፍለን እንከፍላለን አለች።

ተካፍለን! እኔ እኮ ያንተ አባት፣ አጎት፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም ነኝ። የሴቷ ወገን ቤቱንም ችሎ፣ ምግቡንም ችሎ፣ እኔ ድርሻዬን ቆጥሬ ላወጣ? እማዬ ከመቃብር ብድግ ብላ በጥፊ ትለኝ ነበር። መሪውን ለኔ ተዉት፣ ሙሉውን እኔ ነኝ የምከፍለው አልኩ። አባቷ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ምን ጥያቄ አለው አልኩት።

እዚህ ላይ ምን መሆን እንደነበረበት ታውቃለህ? አታውቅም፤ ለዚህ ነው የምነግርህ። ሰውዬው ኧረ በፍጹም ማለት ነበረበት። እኔ ሞቼ ነው ቆሜ እላለሁ። እሱ እጄን ይይዛል፣ እኔ እገፋዋለሁ፣ ሚስቱ በናታችሁ ተዉ ትላለች፣ እሱ እንግዳ አስከፍዬ የት ልገባ ነው ይላል። በመጨረሻ እኔ እሸነፋለሁ፣ ግን ክብሬን ይዤ ነው የምሸነፈው፣ እንግዲያው ድርሻዬን ብቻ ብዬ እቀመጣለሁ። በኛ ዘንድ ልክፈል ማለት የክርክሩ መክፈቻ እንጂ መዝጊያው አይደለም። እጄን እንኳ ለግብግቡ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው ግን ፈገግ አለ፣ በጣም ቸር ነህ፣ እናመሰግናለን አለና ፓዩን መብላት ቀጠለ። በቃ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ እንኳ ተው አላለኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ዋጋውን ታውቀዋለህ ወይ አልከኝ። ስንት ቢሆን ነው አልኩህ። መሪ ሲባል እኔ የመጣልኝ አክሱም ላይ ቱሪስት የሚያዞር ሰውዬ ነው፤ መቶ፣ ቢበዛ ሁለት መቶ ዶላር። በቀን ከሺህ ዶላር በላይ፣ ያውም ለሦስት ቀን ስትለኝ ጆሮዬ ጭው አለ። ከፊት ከፊት ለሚንሸራተት ሰው! አንተ ግን አልተቆጣህም። ነገ እኔው ልንገራቸውና እንካፈል፣ ማንም ቅር አይለውም አልከኝ። ጥሩ ልጅ ነህ፣ መውጫ ሰጥተኸኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ቃሌን አላጥፍም፣ አታዋርደኝ እያልኩ እስከ ቤት ጮህኩብህ። ከየት ታመጣለህ ስትለኝ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት አለ አልኩህ። ለክፉ ቀን አልነበረም።

ጥር ላይ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብዬህ እንደነበር አትረሳም። እነ ጽጌረዳ ቤት የሰርጋችን ቀን ተቆርጦ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሁሉ ተነጋግረን ነበር። ሥራ አልለቀቀኝም አልኩህ። ለሷም እንደዚያው አልኳት። አንዱን ጥር ኮሮና በልቶብን ነበርና፣ ስንት ጥር ልጠብቅህ አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ብዬ ማልኩላት። ለኮሎራዶ እረፍት የሰጠህ አለቃ ለአዲስ አበባ እንዴት ይከለክላል ብለህ አልጠየቅከኝም። ጥቂት ቀን ሌላ ነው፣ ወር ሌላ ነው። ይሄን እንለፈው።

ኮሎራዶ ሄድን። የተከራየሁት ጫማ ድንጋይ ነው፤ ሰው እሱን አድርጎ እንኳን ሊንሸራተት ሽንት ቤት መድረሱም ተአምር ነው። ያ ሊዮን የሚሉት መሪያችን፣ ጨዋ ሰው፣ ተንበርክኮ ቁልፉን አሰረልኝ። ዳገት በማትባል ዳገት ላይ ይዞኝ ወጣ። እኔ እወድቃለሁ፣ እሱ ያነሳኛል። እነሱ ከታች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ በርታ ይላሉ። አንተ ሰዓትህን ስታይ አየሁህ። ያን ጊዜ ጉልበቴን አመመኝ፣ እናንተ ሂዱ አልኩ። ጉልበቴን ምንም አላመመኝም። እኔ የቀጠርኩትን ሰው እኔው አስሬ መያዜ አሳቀቀኝ።

ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀን መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ፣ ምሳ በሚያበላ ዋጋ ቸኮሌት እየጠጣሁ፣ ሊዮን እናንተን ይዞ ሲወርድ አየሁ። ያልነገርኩህን ልንገርህ? ስትንሸራተት ታምራለህ። ሰማያዊ ጃኬትህን ከሩቅ እለያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ፤ ያ ሰማያዊው የኔ ነው አልኳቸው። ልጅህ ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ይሄን ያን ዕለት ብነግርህ ኖሮ የቀረው ሁሉ ባልተከተለ።

በመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ አባቷ፣ የሊዮንን ጉርሻ ለኔ ተዉት አለ። በደግነት ነው ያለው። እኔ ግን ሦስት ቀን የታመቀው ሁሉ ገነፈለብኝ። የከፈልኩት አነሰ? ጉርሻውም የኔ ነው ብዬ ዋሌቴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሹካ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። አንተ በእንግሊዝኛ፣ ማንም አልጠየቀህም፣ እያሳፈርከኝ ነው አልከኝ። በአማርኛ ብትለኝ ኖሮ በኔና ባንተ መሃል ይቀር ነበር። እኔ በአማርኛ መለስኩልህ፤ ለበረዶው መሪ እንደሚከራዩ ለሰርግህም ታላቅ ወንድም ተከራይ አልኩህ። እነሱ አልገባቸውም። አንተ ግን ፊትህ አመድ ሆነ። አፌን በቆረጠው ያልኩት ገና አውሮፕላኑ ሳይነሳ ነው። ግን አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን፣ ተነስቶ ይቅርታ ለማለት ኩራቴ አላስኬደኝም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። በሕማማት ሰሞን አባቷ እዚህ ቤቴ መጣ። ላንተ እንዳልነግር ለምኖኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ሻይ አፍልቼለት ተቀመጠ። ከታንክስጊቪንጉ እራት በፊት አንተ ምን ብለህ እንደመከርካቸው ነገረኝ። ወንድሜ ታላቄ ነው፣ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ አንድ ነገር ልስጥ ካለ እንቢ እንዳትሉት፣ በኛ ባህል የታላቅን ስጦታ መመለስ ስድብ ነው ብለህ። ሰውዬው ዋጋውን ያውቀው ነበር፣ ሥራዬንም ያውቀዋል። እየቀፈፈው ነው የተቀበለኝ። ላንተ ሲል ነው፣ አንተ ደግሞ ለኔ ስትል ነው።

ከሄደ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ሳቄ ሳያልቅ አለቀስኩ። ልክ ነበርክ እኮ! ታላቅ ሲሰጥህ በሁለት እጅህ ተቀበል ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ከመቀበል በፊት ግብግብ እንዳለ ግን አልነገርኩህም። እሱ በቃል አይነገርም፤ ሰው የሚማረው ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ትልልቆቹ ሒሳብ ላይ ሲተናነቁ እያየ ነው። እኔ አንተን አንድ ቀን ምግብ ቤት ወስጄህ አላውቅም። እማዬ ካረፈች በኋላ ሬንት፣ መብራት፣ ያንተ ትምህርት፣ በቃ ፓስታ በፓስታ ነበርን። ዌርሃውሱ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ አብሮኝ የሚሠራው ጋሽ ወልደየሱስ ስንት ጊዜ ልጁን ይዘህ ና፣ እንብላ ብሎኛል። ሒሳቡን ልሻማው ሳልችል ምን ፊት ይዤ ልሂድ እያልኩ ቀረሁ። አየህ፣ ቤት ስደብቅህ አድገህ፣ ያላሳየሁህን አላወቅክም ብዬ ሰው ፊት ተጣላሁህ።

አባቷ ሊሄድ ሲነሳ ቼክ አወጣ። የመሪውን ሙሉ ዋጋ ጽፎበታል። ኧረ በፍጹም አልኩት። ምላሴ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ቢደግምልኝ፣ ኪሴ ቢከተው፣ ወይ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ቢሮጥ እቀበለው ነበር፤ ፋሲካ ገና አላለፈም ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ይገባኛል፣ አከብርሃለሁ አለና አጥፎ ኪሱ መለሰው። እስከ መኪናው ሸኘሁት። ብሮድ ስትሪት ከገባ በኋላም የሚመለስ መስሎኝ እዚያው ቆሜ ነበር። እንዳትቀየመው፤ ባንተ ምክር ነው የሄደው። እኔም ብሆን ሁለቴ በዚሁ ተይዤ አንድ ነገር አለመማሬ ነው የሚያናድደኝ።

እንግዲህ ይቅርታ አድርግልኝ። ታላቅ ወንድም አይከራዩም። ቢከራዩም ካንተ የሚከፈለኝ የለም።

ሐሙስ

ይሄን ጽፌ፣ ልላከው አልላከው እያልኩ ስሰነብት ዛሬ የሰርግህ ካርድ መጣ። እኔ ደብዳቤ ስጽፍ አንተ ቀድመኸኛል። የሷ አባትና እናት ስም ከተጻፈበት ትይዩ፣ ያንተ አባት ስም መግባት በነበረበት ቦታ የኔን ስም አየሁት። ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ፣ የጎረቤት ሰው እያየኝ፣ ደጋግሜ ሳምኩት። ጀርባው ላይ በእጅህ በአማርኛ የጻፍከውንም አነበብኩ፤ ከጽጌረዳ ጋር ና፣ ከፊት ሁለት ወንበር ይዤላችኋለሁ ብለሃል።

እመጣለሁ። ከሁሉ ቀድሜ እመጣለሁ፣ ቁም ያልከኝ ቦታ እቆማለሁ፣ ማንም ምንም ልክፈል ቢል አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ወንበሩን ግን አንድ አድርገው። ጽጌረዳ ግንቦት ላይ ተድራለች፤ ሰርጓም ያማረ ነበር አሉ፣ ደስ ይበላት። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ሥራ ነው ብዬሃለሁ፣ ሥራ ነው፤ ከምንም ጋር እንዳታገናኘው። ለእጮኛህ አባትም ስለዚህ ነገር እንዳታነሳ፣ ምንም ቢሆን ሰውዬው በሰርጋችሁ ቀን ደስ ሊለው ይገባል። ሁለተኛውን ወንበር ለጋሽ ወልደየሱስም እንዳትሰጥብኝ፣ እሱ ሲበላ ያወራል።

እግዚአብሔር ትዳርህን ይባርክልህ፤ ውለዱ፣ ክበዱ። እማዬ ልታየው የጓጓችውን ሁሉ አንተ እየው።

ታላቅ ወንድምህ