ዘጠና ሦስት በመቶ የደረሰ ልብ

ለተከበሩት የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የደም ዝውውርዎ እንደምን አለ? የደም ዝውውርዎን ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆይቼ እደርስበታለሁ። ለጊዜው ደምዎ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ያለ ወረፋ እንዲደርስ፣ መንገድ ላይም አስቁሞ ዓይነቱን የሚጠይቀው እንዳይገጥመው ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ውሉ በአባቴ ስም ስለሆነ አያውቁኝም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት መምህራችን ቆሜ እንዳነብ ባዘዙ ቁጥር አፌ ተለጉሞ ስለሚቀር ነው፤ «ቁጭ በይ» የሚለውን ትእዛዝ እንደ እኔ የሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ ሥራዬ ማንበብ ነው ብል እንዳይስቁብኝ። ማየት ለተሳናቸው አሥራ ሰባት ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት እያነበብኩ እቀዳለሁ፤ የምቀዳውም ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በአባቴ ካፖርትና በእናቴ ቀሚሶች መሀል ተቀምጬ ነው። ልብስ ማሚቶ ይውጣል፤ ደግሞም ዓይን የለውም። የቀዳሁትን በፋይል ማጋሪያ እለቀዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ከእኔ፣ ከዚያም እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ይወስዱታል። አሥራ ስድስቱ በአዳሪ ትምህርት ቤት ናቸው፤ አንዷ ግን ሩቅ ከተማ ከቤተሰቧ ጋር ትኖራለች። እኔ ሰው ፊት መቅረብ ስለማልችል ፋይሉ በእኔ ፈንታ ይቀርብልኝ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የባዮሎጂ መጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር የሚናገረውን፣ ለፈተናው ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ጠዋት ለቀቅኩት። ለማያይ ሰው ሥዕሉም በቃል መነገር ስላለበት የልብን ሥዕል ብቻ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። መላ የሰጠኝ አባቴ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ከመሣሪያ ሣጥኑ አንድ የነሐስ ቫልቭ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ልብ ማለት ፓምፕ እንደሆነች፣ በሮቿም እንደዚህ ቫልቭ ወደ ፊት አሳልፈው ወደ ኋላ እንደማይመልሱ አስረዳኝ። እኔም እንደዚያው አድርጌ ቀዳሁት። ይህ ልብ ማክሰኞ ሰባ፣ ረቡዕ ዘጠና፣ ሐሙስ ዘጠና ሦስት በመቶ ደረሰ። ዓርብ ዘጠና ሦስት፤ ቅዳሜም ዘጠና ሦስት። ዘጠና ሦስት በመቶ የደረሰ ፋይል ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። በዚያው ሳምንት እናቴ የምትከታተለው ድራማ አንዴም ሳይቆራረጥ ሦስት ጥንድ አጋብቶ ሁለቱን አፋቷል፤ ለዚህም እናቴ ምስጋናዋን አድርሺልኝ ብላለች።

ሁለተኛ፤ ስለ ስልክ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። ጥሪዬ ለድርጅትዎ ክቡር እንደሆነ በቅጂ ድምፅ የምትነግረኝን እኅት አርባ ደቂቃ አዳምጫታለሁ። እንደ ሥራ ባልደረባ አንድ ነገር ልምከራት፤ በዐረፍተ ነገር መሀል ትንፈስ፤ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ብትገባ ድምጿ ይጠራላታል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሕያው ሰው «ሃሎ» ሲለኝ ደንግጬ ዘጋሁት። ይኸኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ሦስተኛ፤ ዓርብ ዕለት በቢሮዎ ስላገኘነው ትምህርት አመሰግናለሁ። ከአባቴ ጋር ሄደን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ እንዳልንተባተብ በወረቀት የጻፍኩትን አቤቱታ መስኮት አራት ለተቀመጠው ሠራተኛዎ ሰጠሁት። ገና ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ «ፋይል ማጋራት? ፊልም ነዋ!» አለ። ትምህርት ነው ብዬ ብንሾካሾክ፣ «ሁሉም ትምህርት ነው ነው የሚለው» አለኝ። ይሄን ጊዜ አባቴ ጣልቃ ገባ፤ «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ የሰው ቧንቧ ግማሽ ዘግቼ ‹ይንጠባጠብ የለም እንዴ፣ ምን ጎደለህ?› ብል በገዛ መፍቻዬ ነው የሚያባርሩኝ!» ሠራተኛዎ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ «አባት፣ እኛ'ኮ አልዘጋነውም፤ አስተዳደርነው ነው የምንለው» ሲል አረመው። ከዚያም የውሉን ገጽ ሠላሳ አንድ ገልጦ አሳየን፤ ለደንበኞች ሁሉ ፍትሕ ሲባል የፋይል ማጋሪያ ፍጥነት ሊቀነስ እንደሚችል የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ተጽፏል። መሣሪያችሁ የሚያየው የፋይሉን አካሄድ እንጂ በውስጡ ያለውን እንዳልሆነም ነገረን። ስለዚህ የሰረቀውም ያነበበውም እኩል ይቀጣል ማለት ነው፤ ፍትሕ የተባለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛ፤ ከዓይን አፋርነቴ ስላከሙኝ አመሰግናለሁ። ፋይሉ አልሄድም ሲል፣ እሑድ ጠዋት በፍላሽ ይዤው ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ፍላሹን ሰጥቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ግን እሑድ አይገባም። የአዳሪ ቤቱ ኃላፊ፣ መጽሐፉን ከቦርሳዬ ሲያዩት፣ «ታዲያ ምን ቸገረሽ ልጄ፣ አንቺው አታነቢላቸውም?» አሉ። አሥራ ስድስት ሰው አልጋ ላይ ተደርድሮ ጆሮውን ሰጠኝ። መጽሐፉን ገልጬ ቆምኩ። «ቁጭ በይ» የሚል ሰው ስጠብቅ፣ አንዱ ልጅ «የምዕራፍ ሦስት ሳልሽ ተሻለሽ?» አለኝ፤ ሌላዋ ደግሞ «ምዕራፍ ስድስት ላይ ሲጢጥ የሚለውን የሣጥን በር ዘይት ቀቢው እንጂ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ከዚያ አነበብኩ። ቫልቩ በኪሴ ነበርና ሥዕሉ ጋ ስደርስ ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩት። አሥራ ስድስቱም ዳሰሱት።

አምስተኛውን ምስጋና መጻፍ ከብዶኛል። ቤተሰቧ ጋር የምትኖረውን ተማሪ ጠያቂዋ እንላታለን፤ ከየምዕራፉ በኋላ ሳትጠይቅ አታልፍምና። ያን ዕለት እሑድ፣ ድምፄ ሻክሮ ቤት እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። አሥራ ስድስት ሰው ፊት ያወጣሁት ድፍረት መንገድ ላይ አልቆ ነበርና እስኪያቆም ድረስ አየሁት። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አየሁት። ከዚያ «እየመጣ ነው፣ ዘጠና ሦስት ደርሷል» ብዬ መልእክት ላክኩላት። አመንኩዎት ማለት ነው። ሰኞ ተፈተነች። ማክሰኞ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ደወልኩላት። ስለ ልብ ዘጠኝ ጥያቄ እንደመጣ፣ ለዘጠኙም «ለ» ብላ እንደመለሰች ነገረችኝ፤ «እንደ ኢንተርኔታችን ነው፣ አንዳንዱ ይደርስ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «ግን ቫልቭ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱን እንካፈል። ያላነሳሁት ስልክ የእኔ ነው፤ ሰባት በመቶውን እወስዳለሁ። ዘጠና ሦስቱን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ እንደለመዱት እዚያው ላይ ይቁሙበት። ውጤቷ ገና አልመጣም። የኬሚስትሪው ፈተና ግን ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ የሣጥኑም በር ዘይት ተቀብቷል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩን ይልቀቁልን። ልብ እንኳ ደም ስትረጭ ይህ ለጣት ነው፣ ያ ለጆሮ ነው ብላ አታጉላላም።

በታላቅ አክብሮትና በማይቋረጥ ትዕግሥት፣ ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና ማንም የማያስተዳድረው የደም ዝውውር እየተመኘሁልዎት፣

የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ
ከቁም ሣጥኑ ውስጥ

ማስታወሻ፦ ጠያቂዋ እሷም ደንበኛዎ ናትና ውሉን ማን አንብቦላት እንደፈረመች ብጠይቃት፣ ማንም አለች። ስለዚህ አርባ አንዱንም ገጽ ቀድቼላታለሁ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አባቴ ከሣጥኑ ውጭ ሲስቅ ይሰማል፤ አልቆረጥኩትም። ሌሎች ደንበኞችዎም እንዲሰሙት በፋይል ማጋሪያ ለቅቄዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ዘጠና ሦስት በመቶ ደርሷል። እርስዎም መስማት ከፈለጉ የቀረችው ሰባት በእጅዎ ናት።