ክሩ ከወጣ በኋላ

ውድ ተስፋማርያም፣

ስልኬን ስለማታነሳ ጻፍኩልህ። ጥርስ ማስተከሌን ሰምተህ ይሆናል። ባለፈው ወር ኡራኤል አካባቢ ባለ ክሊኒክ ድዴን ከፍተው፣ ብሎን የመሰለች ነገር አጥንቱ ውስጥ ቀብረው ሰፉት። ጥርሱ ራሱ የሚገጠመው ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚወልቅ ጊዜያዊ ጥርስ አለኝ። የስፌቱ ክር ከወጣ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው።

ሕመም የለውም። ግን አፌ የሌላ ሰው አፍ መስሎኛል። ክሩ የለም፤ ምላሴ ግን ክር ያገኛል። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገልብጬ ሁለት ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ቁልፍ ስመጥ ያደርኩ ይመስል አፌ ብረት ብረት ይላል። የላይኛው ከንፈሬ በስተቀኝ በኩል፣ ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚሆነው ይነዝረኛል፤ ከዚያ ይተወኛል። ድዴ ከውስጥ የሚጎትተው ሰው ያለ ይመስል ይወጠራል። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ደግሞ የሚጠዘጥዘኝ የተተከለው ቦታ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጤነኛ ጥርስ ነው። የገዛ ስሜንም ስናገር አፏጫለሁ፤ «ፀሃዬ» ስል «ፀ»ዋ በጊዜያዊው ጥርስ ሥር ሾልካ ታመልጣለች። ተማሪዎቼ መሳቃቸውን ካቆሙ ሳምንት ሆናቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ረውዳ ልጅ እግር ናት። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ድዱ እየገጠመ፣ ስሜቱም እየተመለሰ ነው። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እብጠት ወይም መግል ካዩ ግን ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። ክሩን ያወጣችልኝ ቀን ካርዴን እያየች፣ «ለመሆኑ እንዴት ነበር የተሰበረው?» አለች። ጀማነሽን ታውቃታለህ፤ ሚስቴ እኔን ቀድማ ነው የምትመልሰው።

«ጓደኛው ቁምሳጥን ጥሎበት ነው። እጁ ካልቻለ ምን አስያዘው!»

እኔ አፌን ይበልጥ ከፈትኩላት።

ከክሊኒኩ ወጥተን ጀማነሽ ወደ ሥራዋ ሄደች። ታክሲ ስጠብቅ ልጅህ አርያም አየችኝና መጥታ ሳመችኝ። አባትሽ እንዴት ነው አልኳት።

«ደህና ነው። ማለቴ... በቃ ቤት ነው የሚውለው። መፍቻዎቹን በሙሉ ለጎረቤታችን ለቀነኒሳ ሰጣቸው እኮ።»

«ለምን?»

«እጄ አይታመንም ይላል። ሰው ፊት ሻይ እንኳ አያነሳም፤ ይንቀጠቀጣል ብሎ ነው። አይንቀጠቀጥም እኮ! ጋሽ ፀሃዬ፣ እስቲ አንድ ቀን መጥተው ያናግሩት።»

አፌን በጣቴ አሳየኋት፤ መናገር አልችልም ለማለት። እችል ነበር። ታክሲ መጣና ገባሁ።

ተስፋማርያም፣ ያን ቀን የሆነውን ልንገርህ። አንተም አታውቀውም።

አምና ነው፤ ካዛንቺስ የነበሩት ቤቶቻችን ሊፈርሱ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረናል፤ ስለዚህ ያንተን ዕቃ ጠዋት፣ የእኔን ከሰዓት ተባባልን። ቁምሳጥኑን ከበረንዳው ስናወርድ አንተ ከታች ሆነህ ወደ ኋላ እየሄድክ ነበር፤ እኔ ከላይ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የጭነት መኪናው ሹፌር መስሎኝ አንድ እጄን ለቀቅሁ። ቁምሳጥኑ አጋደለ፣ በሩ ተበርግዶ አፌን መታኝ፣ ሌላውም እጄ ለቀቀ። ክብደቱ በሙሉ ባንተ ላይ መጣ። ያን ቁምሳጥን ብቻውን የሚችል ሰው የለም። ሰዉ ድምፁን ሰምቶ ሲዞር ያየው ግን ካንተ እጅ ሲወድቅ ነው።

ጀማነሽ፣ «ምን አደረግከው! ገደልከው እኮ!» ብላ ጮኸችብህ። አንተ ለገሃር የባቡር ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራህባቸውን እጆች እያገላበጥክ አየሃቸውና፣ «እጄ ከዳኝ» አልክ። ሰምቼሃለሁ። አፌ ደም ሞልቶ ነበር፤ ጭንቅላቴ ግን ደህና ነበር። መነቅነቅ እችል ነበር።

በማግስቱ አፌ አብጦ ነበር። በሳምንቱ ወሬው ተዳርሶ ነበር። በወሩ፣ እድሩ ዳኛ ሲመርጥ ስምህ ተነስቶ፣ «እሱ እንኳን እድር ቁምሳጥንም አልያዘ» ብሎ አንዱ ሲያሾፍ፣ ሰዉ ሲስቅ፣ አንተ «እኔን ተዉኝ» ብለህ ስትወጣ፣ እኔ ካንተ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ነበር።

ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤት አጥቷል፤ የሚወቀስ ሰው ያገኘሁት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲያዝኑልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው እሁድ ቂርቆስ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ እያፏጨሁ፣ አሁን የጻፍኩልህን ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ዳኛው ጋሽ መዝገቡ መነጽሩን አውልቆ፣ «ዓመት ሙሉ?» አለኝ። «ዓመት ሙሉ» አልኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠየቅሁ፤ ሰፍሯል።

ከስብሰባው ወጥተን ከጀማነሽ ጋር እስከ ታክሲ ተራ ሄድን። ከዚያ፣ «ተስፋማርያም ለቅሶ ቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፊቴን አዙሬበታለሁ። አንተ ታየኝ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ታክሲ ይዛ ሄደች። እስከ ዛሬ ከ«እራት ቀርቧል» ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ልክ ናት።

እጅህ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ በፊትም፣ ያን ቀንም፣ አሁንም። ይህን እንድታውቅ ነው የጻፍኩት። ይቅር በለኝ ለማለት ደብዳቤ አይበቃም፤ እሱን ፊትህ ቆሜ ነው የምለው። ወረቀቱን ለአርያም እሰጣታለሁ፤ የፊታችን እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ራሴ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትክልኝ አላንኳኳብህም፤ ትንሽ ደረጃው ላይ ቆሜ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለውም እሁድ እመጣለሁ።

ፀሃዬ