ባሌን የከለከልሁት

እኔ ሂልትየ ፖስትማ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት መበለት፣ ዛሬ ማክሰኞ ኤፕሪል 9 ቀን 2002 በፍሪስላንድ፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር ባለው ቤቴ፣ ትራስ ተደግፌ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ካንሰሩ ከቆሽቴ ተነሥቶ ጉበቴን ይዟል፤ አእምሮዬን ግን አልደፈረም። «ያናገራት መድኃኒቱ ነው» እንዳይባል ከጧት ጀምሮ ማስታገሻ አልወሰድሁም። የሚጽፉት ውል አዋዋዩ አቶ ቴርፕስትራ ናቸው፤ ጎረቤቶቼ ኦኔ ዋይማና ሲትስከ ብራውወር በምስክርነት ተቀምጠዋል።

ጀልባዋን ለልጄ ለሪንክ ሰጥቻለሁ። አባቱ በሕይወት ሳለ መሪዋን አንድም ቀን አላስጨበጠውም፤ ከእንግዲህ የሚከለክለው የለም።

ቤቱ ከነዕቃው የልጄ የባውክየ ነው። ሪንክ አይቀየም። አባቷን ስምንት ወር ያስታመመች እርሷ ናት፤ እርሱ በወር አንድ ጊዜ አበባ ይዞ ብቅ ይል ነበር።

ዕዳ አለብኝ፤ የገንዘብ ግን አይደለም። በ1984 ባሌ ዳውወ ጉሮሮው በካንሰር ተዘግቶ መናገር ሲሳነው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልኝ ነበር። አንድ ቀን «አንቺ ነርስ ነሽ፤ ሐኪሙ ይገላግለኝ ዘንድ ለምኝልኝ» ብሎ ጻፈ። እኔም «የሰጠ አምላክ ራሱ ይውሰድ» ብዬ ሰሌዳውን በመደረቢያዬ ጠረግሁት። በማግስቱ ደግሞ ጻፈ፤ ጠረግሁት። አሥራ አንድ ቀን እንዲሁ ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ጠመኔውን አላነሣም፤ እስኪሞትም ድረስ ደግሞ አልለመነኝም።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም የለመነውን ድውይ እንዲገላግል የሚፈቅደው ሕግ እንዳይጸድቅ በጋዜጣም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ተሟገትሁ። ሙግቴ ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም፤ ድውይ ሰው «ሸክም ሆንሁባቸው» ብሎ ሞትን እንዲለምን መገፋት እንደሌለበት ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ያን ያህል የጮኽሁት ሰሌዳውን በመጥረጌ አልተሳሳትሁም ለማለት ነበር።

ሕጉ ባለፈው ሳምንት ጸንቷል። እኔም እንዲገላግለኝ ሐኪሜን ጠይቄአለሁ፤ ሕጉ እንደሚያዘው ሁለተኛ ሐኪምም መጥታ ለብቻዬ አነጋግራኛለች። ቀኑ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው።

ይህን ስናገር ባውክየ በሩን በርግዳ ገባች፤ ሪንክም ተከተላት። ውል አዋዋዩ ብዕራቸውን ቢያነሡ «ይጻፉት» አልኋቸው።

«እማዬ፣ ለአባዬ ኃጢአት የነበረው ላንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ጽድቅ የሆነው?»

«ጽድቅ ነው መች አልኩ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ፍርሃት ነው፣ ልጄ። አሁን ስቃዩን ፈራሁ። ያኔ የፈራሁት የሰው አፍ ነበር።»

«እኔ ዓርብ እዚህ ቤት አልገኝም። ይጻፉት፣ አቶ ቴርፕስትራ!»

ሪንክ፣ «ዛሬ እንኳ ብትተያት ምናለ?» አላት።

«አንተ ደግሞ ሂድና አበባህን ግዛ!»

ሁላችንም ሳንወድ ሳቅን፤ ባውክየ ግን ቀጥላ አለቀሰች።

ስለዚህ አዝዛለሁ። ባውክየ ባትመጣ የሚወቅሳት አይኑር፤ ያሳደግኋት በዚያው ቃሌ ነው፣ በቃሉም ጸናች። የሕጉ ደጋፊ ስሜን ባንዲራ አያድርገው፤ ተቃዋሚውም ማስፈራሪያ አያድርገው። ከዳውወ ጎን ቅበሩኝ። ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የሁለታችንን ቦታ የመረጠው ግን እርሱ ነው፤ ያውም ሰሌዳውን ከጠረግሁበት በኋላ።

ቃሌ ይኸው ነው።

ከውል አዋዋዩ፦ ጽሑፉ ለተናዛዧ ተነቦላቸው «ልክ ነው» ብለዋል። ሊፈርሙ ሲሉ ክንዳቸውን ማንሣት ስላቃታቸው፣ ልጃቸው ባውክየ ከመስኮቱ አጠገብ ተነሥታ መጥታ ክርናቸውን ከሥር ያዘች። «የደገፍኩት ክንድሽን ነው፤ ሐሳብሽን አይደለም» አለች። ተናዛዧም «እሱም ይጻፍ» ስላሉ ተጽፏል። ፊርማው ካለቀ በኋላም ክንዳቸውን አለቀቀችም።

ተናዛዥ፦ ሂልትየ ፖስትማ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ኦኔ ዋይማ (ፊርማ)፣ ሲትስከ ብራውወር (ፊርማ)
ውል አዋዋይ፦ ሄርበን ቴርፕስትራ (ፊርማና ማኅተም)