ሙሉው ላንቺ፣ ስባሪው ለእኔ

ውድ ምራቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጀምር ነው፤ እንዳትኩራሪብኝ። የጤናዬን ነገር ይህን ፖስታ ያመጣልሽ ሰው በቃሉ ይነግርሻል። እኔ የምጽፍልሽ ለእሱ የማልነግረውን ነው። ቀንቼብሻለሁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የእኔ ጉልበት ድሮውንም የነቀዘ ስለሆነ ቅናቱ ሥራ ፈትቶ ደረቴ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

አንቺ ለአዋላጅነቱ ሥራ ወደዚያች የወደብ ከተማ ሄደሽ ልጄ የኪራይ ቤታችሁን ለቆ እኔ ዘንድ ሲገባ፣ ምን እደብቅሻለሁ፣ ልጄን መልሼ ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ ገፍቼ አልጋ ዘረጋሁለት። የሚወደውን ልሠራለት ሳሰላስል፣ የመጀመሪያው እሁድ ሽርጤን አገልድሞ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ወይ ጉድ! ይህ ልጅ እኔ ቤት ሲያድግ የጠጣበትን ብርጭቆ አንስቶ አያውቅም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቀን ስሰፋ ውዬ ማታ ስቀቅል፣ «ላግዝሽ» ሲለኝ «ሂድ አጥና» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። አንቺ መቼ ጋጋሪ አደረግሽው?

ኩኪስ ሊጋግር አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ሲያወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። «ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሞላሰስ ነው እማዬ።»

«ለከብት መኖ የሚያደርጉት?»

«ሚስቴ ለባሏም ታደርገዋለች» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የአሳንሰር ገመድ ሲፈታታ የሚውል እጁን እስከ ክንዱ ታጠበ። ሞላሰሱ እንዳይጣበቅ የመስፈሪያውን ኩባያ ዘይት ቀባ፤ ይህንንም አንቺ ነሽ ያስተማርሽው። ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን ጨምሮ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አሳረፈ። ከዚያ እንደ ብይ እያድቦለቦለ ስኳር ላይ ያንከባልለው ጀመር። እናቱ አጠገቡ ቆማ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ከአንቺ ጋር ያወራል።

ኩኪሱን በኦቨኑ መስታወት አየሁት፤ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። «ገና ነው» አልኩ። አንቺ በስልኩ ውስጥ ሆነሽ «አሁን አውጣው ሆዴ፣ ትሪው ላይ እንዳለ ይበስላል» አልሽ። ማንን የሰማ ይመስልሻል? ደግሞ «ሆዴ» ትይዋለሽ! በሆዴ የተሸከምኩት እኔ፣ ሆዴ የምትይው አንቺ።

ሲበርድለት ሙሉ ሙሉውን መርጦ በወረቀት እየለየ በሚልክልሽ ቆርቆሮ ውስጥ ደረደረልሽ። ጠርዙ የተሸረፈውን፣ መሃሉ የተሰበረውን በሰሃን አድርጎ «እንቺ እማዬ፣ ያንቺ» አለኝ። እኔ ወልጄው ስባሪ ደረሰኝ! ቀመስኩት። አፌ ላይ ለስለስ ብሎ ዝንጅብሉ ቆይቶ ነው ጉሮሮን ለብለብ የሚያደርገው። ግሩም ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ! እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ፤ ሙሉው ላንቺ፣ ስባሪው ለእኔ።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ሲሄድ እኔም ሠርቼ ላሳየው ተነሣሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው። ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ሳላቀዘቅዝ ጋገርኩት። ተንጣሎ ተያያዘና ትሪውን ያህል አንድ ኩኪስ ሆነልሽ። ጥሬ አላበላም ብዬ ጠርዙ እስኪጠቁር ጠበቅኩት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ በጣቷ አንኳኳችውና «ይሄ የሚበላ ነው ወይስ ወለል የሚነጠፍ?» አለችኝ። ልጄ ማታ መጥቶ ሻይ ውስጥ እየነከረ «ይጣፍጣል እማዬ» አለ። ጥርሱን እየያዘ! እኔን እንደ ሕፃን ሲያባብለኝ የባሰ አንጀቴ አረረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ወር የመጀመሪያው እሁድ ከመምህርቷ ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ድምፅሽን ሰማሁ። «ለእማማ ነገርካት?» ትይዋለሽ።

«ምን ብዬ ልንገራት? ጉልበቷን ያማታል፣ ብቻዋን ናት። እምቢ ልላቸው ነው።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁሃል እኮ። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ሌላ የአሳንሰር ባለሙያ አላገኘም። አብረን ልንኖር ነው የምልህ!»

«እናቴን ትቼ?»

 «እሺ» አልሽው። ያለቀስሽም መሰለኝ።

ታዲያ እኔ ምን ተሰማኝ ትያለሽ? አዘንኩ? በፍጹም! ደስ አለኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ እልል ማለት ነው የቀረኝ። አሸነፍኳት አልኩ። አንቺን ትቶ እኔን መረጠ! ሳምንቱን ሙሉ ስሰፋ አንጎራጎርኩ። መምህርቷ «ምን አግኝተሽ ነው?» ብትለኝ «ልጄን» አልኳት።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኩን አላስደገፈውም። ዝም ብሎ ጋገረ፣ ዝም ብሎ አወጣ። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሁሉንም፣ አንድም ያልተሰበረ፣ በትልቁ ሰሃን አድርጎ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

«ለሚስትህስ?»

«አትላክልኝ ብላኛለች። ሁሉም ያንቺ ነው፣ ብዪ።»

አንዱን አንስቼ ነከስኩ። እንደ ጥጥ አፌ ውስጥ ዞረብኝ። እሱ የታጠበውን ትሪ መልሶ ያጥባል። ቀና ሲል ፈገግ አለልኝ፤ ሰው አልጋ ላይ ላለ በሽተኛ የሚፈግገውን ዓይነት ፈገግታ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ እኔን አልመረጠም። የመረጠው ጉልበቴን ነው። ጉልበቴ ባያመኝ ኖሮ ዛሬ እዚያ ነበር። እንዲህ ባለው ድል ቤቴ ውስጥ የቀረልኝ ትሑት እስረኛ ነው እንጂ ልጅ አይደለም።

ስለዚህ ይህን አደረግኩ። «ሚስትህን አስቀይመሃታል፤ ኩኪሱን ራስህ አድርስና ታረቃት፣ እሁድ ማታ ትመለሳለህ» አልኩት። ደስታው ፊቱን ሲያበራው ሳይ ድጋሚ ቀናሁብሽ። ሻንጣውን እኔ ካላዘጋጀሁ ብዬ ተሟገትኩ። ከሸሚዞቹ ሥር የሥራ መሣሪያዎቹን በሙሉ፣ መፍቻውንም፣ መለኪያውንም፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከተትኩለት። ሲያነሳው «እማዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?» አለኝ።

«ኩኪስ ነው» አልኩት።

«የትኛው? ያንቺው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

አሁን ሻንጣውን አብራችሁ ክፈቱት። ሥራውን ይቀበል። ስለ እኔ አታስቡ፤ መምህርቷ የቤቴን ቁልፍ ይዛለች፣ ጠዋት ጠዋት ታየኛለች፤ ነገረኛ ብትሆንም ሰው ናት። ይቆጣል፣ «እናቴ አታለለችኝ» ይላል። ወደ እኔ እንዳትመልሺው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። አንድ ምሽት ቤቱ ጭር ይልብኝና እደውላለሁ። ጉልበቴ ባሰብኝ እላለሁ፣ አልቅሼም ሊሆን ይችላል፣ «ና በይልኝ» እልሻለሁ። ስልኩን አንቺ አንሺው። እንዳታገናኚኝ። «እማማ፣ ሥራ ላይ ነው» በዪኝና ዝጊው። እረግምሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ዝጊው።

አሁንም የምትቀናብሽ፣
አማትሽ