በአንተ ልክ የተሠራ ሞላ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፤ እጄም ልቤም አላርፍ ብሎኛል። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌትህን አልሸጥኩትም። "ወገቤ ንጥረቱን አይችልም፣ ሽጪው" ስትለኝ እሺ ያልኩህ ወሬው እንዲያጥር ብዬ ነው።

ከብየዳ ቤት ስንወጣ ሌላው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔ ወደ ብስክሌትህ እሮጣለሁ። የኮርቻውን ቱቦ ቆርጬ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የወጣ ሞላ ከሥሩ ከተትኩበት። የመጀመሪያው ሞላ ለስላሳ ነበር፤ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር እንደ ኳስ እያነጠረ ጣለኝ። ለወጥኩት። ደግሞ ኮርቻው ግራ ቀኝ መዞር አመጣ፤ ቱቦውን ሰንጥቄ በቡሎን ያዝኩት። ቁመቱ ጨመረና እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደርስ አለ፤ እንደገና ቆረጥኩ። አለቃዬ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ሳያልቅ አንቺ ታልቂያለሽ" ይለኛል። ምን ላድርግ? ቁጭ ካልኩ፣ ያንን ሁሉ ትርኢት ትተህ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስትደረድር ትታየኛለህ። አንጀቴ አይችልም።

ችግሩ፣ ሞላ የሰው ልክ ይፈልጋል። ለአንተ የመረጥኩት ጠንካራ ስለሆነ እኔ ስቀመጥበት ንቅንቅ አይልም። በቁመትም በክብደትም አንተን የሚያክል ሰው ደግሞ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

አባዬ። ወገብህ የተጎዳ ዕለት "እሰይ! ሁለት እግር ተሰጥቶህ በአንድ ጎማ ማን ዙር አለህ?" ብሎ ከቤት ያስወጣህ አባዬ። ከዚያ ወዲህ ስምህን አንስቶ አያውቅም።

ስፌቱን አስትቼ ጠራሁት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። "አባዬ፣ ለወንድም ጋሼ ነው፤ እስቲ ተቀመጥበት" አልኩት። አተኩሮ አየኝ። ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ሜትሩን አውልቆ ሰጠኝና ግድግዳውን ይዞ ኮርቻው ላይ ወጣ። ሞላው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፤ ልክ እንዳሰብኩት።

ግን አልወረደም። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣

"ያኔ ይሄ ቢኖረው፣ ወገቡ ይተርፍ ነበር?" አለኝ።

"እንጃ አባዬ።"

"በይ ና በይው። እስኪመጣ ሞላውን እኔ አለማምድለታለሁ።"

ይኸው ስፌቱን ባጠፈ ቁጥር ብስክሌቱ ላይ ይወጣል። ያ ለእግሩ ጠጠር የሚጠነቀቅ ሰውዬ! ግድግዳውን አልለቅም ሲል ከርሞ ዛሬ አንድ እጁን ለቀቀ፤ እኔም እሱን ደግፎ መያዙ ሰልችቶኛል፣ መፍራቱም ጭምር። ወንድም ጋሼ፣ መንዳቱ ቢቀርብህም ሽማግሌውን መጥተህ አውርድልኝ።

ቁጭ ማለት የማታውቀው
እህትህ