ለድምፅሽ የሚሆን ቦታ

ውድ ልጄ ሙርሺዳ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሰው አገር በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፤ ከዓይን ያውጣሽ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ሰፈራችን ኢስሊ ሲዘንብ ሰንብቶ የሱቄ ደጃፍ ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ የምሸጠውን ጨርቅ ግን ውኃ አልነካብኝም። አባትሽ ጉልበቱን ተሽሎት መስጊድ በእግሩ ይሄዳል። አንቺ ብርዱን ተጠንቀቂ፤ ካልሲ ደርቢ።

ላፕቶፑን ገዛሁ። ነጋዴው አብዱረህማን ሁለት ያገለገሉ አሳየኝ። አንዱ ሲም ካርድ ይገባበትና የትም ቦታ ኢንተርኔት ይሠራል። ሌላው ሲም አይቀበልም፤ ግን ብዙ ፎቶና ድምፅ ይይዛል። አንቺ "እማ፣ ሲም ያለውን ውሰጂ፣ በየቀኑ እንተያያለን" ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ብዙ የሚይዘውን ወሰድኩ፤ አትቆጪኝ።

ስልኬ ሞልቶ የላክሽውን ቪዲዮ እንኳ አላወርድም ብሎኝ ነበር። አብዱረህማን ከፍቶ ቢያይ ሁሉም "ጁምዓ ሙባረክ" የሚል ፎቶ ነው። "ማዘር፣ እነዚህን ላጥፋቸው?" ሲለኝ እጁን ያዝኩት። የአላህ ስም ያለበት እንዴት ይጠፋል? ስለዚህ ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ አሻገረልኝ።

አንድ በአንድ ሳያቸው ለካ አብዛኛውን የላክሽው አንቺ ነሽ። አበባ፣ ጨረቃ፣ ፋኖስ፤ አንድም ጁምዓ አላስቀረሽም። የራስሽ ቃል ግን አንድም የለበትም።

አላህ ሪዝቅሽን፣ እንጀራሽን ያስፋው፣ የሄድሽበትን ሁሉ ሰላም ያድርገው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ የፊታችን ጁምዓ አበባውን ተዪውና በድምፅሽ "እማ" በዪኝ። አሁን ማስቀመጫ አለኝ።

እናትሽ ኩለሱም